ሁሉም አምፖል ይበራል፤ ብርሃኑ ግን ይበቃል ወይ?

ጥያቄው የመጣው በአንድ ሆስፒታል ከሚሠራ የባዮሜዲካል ቴክኒሽያን ነው። ፎቶቴራፒ ማለት አራስ ሕፃናትን ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገር በብርሃን የመቀነስ ሕክምና ነው። ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የአራስ ሕፃናት ክፍላችን ሦስት የፎቶቴራፒ ማሽኖች አሉት። አንዱ አሮጌ ነው፤ ስድስት የፍሎረሰንት አምፖል አለው። ከስድስቱ ሁለቱ በቅርቡ ከሱቅ ተገዝተው የተቀየሩ ናቸው። ሌሎቹ ሁለት ማሽኖች ኤልኢዲ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 12 የኤልኢዲ ፍሬ አላቸው። ሁሉም ይበራሉ። ነርሶቹ ግን ከኤልኢዲዎቹ በአንደኛው ስር የተኛ ሕፃን ቢሊሩቢኑ ቶሎ አይወርድም ይላሉ። በሉክስ ሜትር ለካሁ። ሁለቱ ኤልኢዲዎች ተቀራራቢ ናቸው፤ አሮጌው እንዲያውም ይበልጣቸዋል። ብዙ አምፖል ያለው መሣሪያ ብርሃኑ መቀነሱን በምን አውቃለሁ? ማሽኑስ ራሱ ሊያሳውቀኝ አይገባም ነበር?»

ወንድሜ፣ ወደ መለኪያው ከመግባቴ በፊት የነርሶቹን ነገር ላንሳ። «መብራቱ ይበራል፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለህ እንዳታልፋቸው። ይህ ሕክምና ራሱ የተጀመረው በነርስ ዓይን ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ፣ ኤሴክስ በሚገኘው የሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ሲስተር ጂን ዋርድ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ወደ ግቢው ፀሐይ ታወጣቸው ነበር። ፀሐይ ያገኘው ገላ ቢጫነቱ ለቆ፣ በጨርቅ የተሸፈነው ግን እንደነበረ መቅረቱን አየች፤ ለሐኪሞቹም አሳየቻቸው። ዶክተር ክሬመርና ባልደረቦቹ ጉዳዩን ተከታትለው በ1958 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። የሠሩት መሣሪያም ሰማያዊ የፍሎረሰንት አምፖሎች የተደረደሩበት ነበር። ብዙ አምፖል የመቆጣጠር ጣጣ የጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ጥርጣሬው እስኪጣራ ድረስ ነርሶቹ የጠረጠሩትን ማሽን ከባድ ቢጫነት ላለው ሕፃን አትስጡት። ለሐኪሙም ንገሩት። ከዚያ ወደ ልኬቱ እንሂድ።

መጀመሪያ ሉክስ ሜትሩን ወደ ቦታው መልሰው። ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሉክስ የሚለካው ለሰው ዓይን የሚታየውን ድምቀት ነው። ዓይናችን ይበልጥ የሚያየው 555 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን ነው፤ ሉክስ ሜትሩም ይህንኑ አድልዎ ይዞ ነው የተሠራው። በ555 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን 1 ብሎ ከቆጠረ፣ በ470 ያለውን 0.09 አካባቢ፣ በ460 ያለውን ደግሞ 0.06 ብቻ ብሎ ይቆጥረዋል። ቢሊሩቢንን ቅርጹን ቀይሮ በሐሞትና በሽንት እንዲወጣ የሚያደርገው ግን በዋናነት ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። መለኪያህ የሚንቀው የምትፈልገውን ብርሃን ነው ማለት ነው።

ስሌቱን ብንሠራው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በደንብ የሚሠራ ሰማያዊ የኤልኢዲ ፎቶቴራፒ ሕፃኑ ላይ የሚያሳርፈው ብርሃን በሉክስ ቢለካ በግምት ከ600 እስከ 700 ቢሆን ነው። የክፍሉ የጣሪያ መብራት ብቻውን ጥቂት መቶ ሉክስ ይሰጣል። መስኮት አጠገብ ከሆነ ደግሞ የቀኑ ብርሃን ሺህዎችን ይነካል። እንግዲህ ሰማያዊው ብርሃን በሩብ ቢቀንስ በዚህ ሁሉ መሀል እንዴት ይታይሃል? ሁለቱ ኤልኢዲዎች ተቀራራቢ መስለው የታዩህ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

አሮጌው ማሽን የበለጠበት ምክንያትም ከዚሁ አይርቅም። ከሱቅ የተገዙት ሁለቱ አምፖሎች ነጭ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ። ነጭ አምፖል ቢጫና አረንጓዴ ስለሚበዛበት ሉክስ ሜትሩን ያስደስተዋል። ለሕፃኑ ግን የሚጠቅመው ክፍል ትንሽ ነው። አየህ አይደል፣ ትክክለኛውን ሰማያዊ አምፖል አውጥተህ ነጭ ስታስገባ ሉክሱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሕክምናው ወደ ታች። በስልክ አፕ መለካትም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ካሜራው በራሱ ፈቃድ ድምቀቱን ያስተካክላልና።

የሚያስፈልግህ የፎቶቴራፒ ራዲዮሜትር ነው። ንባቡ በማይክሮዋት በካሬ ሴንቲሜትር በናኖሜትር ነው። ረጅም ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚጠራው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያው ለጠንካራ ፎቶቴራፒ ቢያንስ 30 ይላል። ድሮ መደበኛ የሚባለው ከ8 እስከ 10 አካባቢ ነበር። ስለዚህ አንድ ማሽን 9 ቢያነብ «አይሠራም» አይባልም፤ ግን ቢሊሩቢኑ ከፍ ያለ ሕፃን የሚቀመጥበት አይደለም።

ራዲዮሜትር ላይ አንድ ነገር ልብ በል። የተለያየ ኩባንያ ሜትሮች አንድ መብራት ላይ ተጠግተው የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። አንዱ 22 ሌላው 33 ቢልህ አንዱ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሜትር የሚያየው የሞገድ ርዝመት ክልል ይለያያል፤ ለፍሎረሰንት ተብሎ የተስተካከለውም ኤልኢዲ ላይ ሌላ ይላል። በማሽኑ ማኑዋል ላይ የተመከረውን ሜትር ተጠቀም። ከሌለህ ደግሞ ያገኘኸውን አንዱን ያዝ፣ ሁልጊዜም እሱኑ ተጠቀም፣ የሜትሩን ስም ከቁጥሩ ጎን ጻፍ። መግዛት ካልተቻለ ከአጎራባች ሆስፒታል መዋስ ነውር የለውም። አንድ ሜትር ለብዙ ሆስፒታል ይበቃል፤ በየቀኑ የሚፈለግ ዕቃ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ብዙ ምንጭ ያለው መሣሪያ ችግሩ ምንድን ነው? አምፖሉ አንድ ቢሆን ኖሮ ሲጠፋ ይጨልማል፣ ነገሩ ያልቃል። አምፖሎቹ ስድስት ወይም 12 ሲሆኑ ግን የአንዱን ድካም የሌሎቹ ብርሃን ይሸፍነዋል። ዓይንህ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ስር ቆሞ የ10 በመቶ ልዩነት አይለይም። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ለየብቻ መመለስ አለብህ፤ ሕፃኑ የተኛበት ቦታ ሁሉ ስንት እየደረሰው ነው? ከየትኛው አምፖልስ ስንት እየመጣ ነው?

የመጀመሪያውን ለመመለስ ፍራሹን ለካ። ብዙ ሰው ሴንሰሩን መሀል ላይ አስቀምጦ አንድ ቁጥር ይጽፍና ይሄዳል። መሀሉ ሁልጊዜ ከሁሉም አምፖል ስለሚደርሰው ጥሩ ይመስላል። ጉድለቱ ያለው ዳር ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የፎቶቴራፒ መሣሪያ ደረጃ አይኢሲ 60601-2-50 ይህን አስቦበታል። ሕፃኑ በሚተኛበት ስፋት ላይ በብዙ ነጥቦች ተለክቶ፣ ዝቅተኛው ንባብ ለከፍተኛው ሲካፈል ከ0.4 በላይ መሆን አለበት ይላል።

አንተ ጋር እንዲህ አድርገው። 60 በ30 ሴንቲሜትር ካርቶን ቁረጥና በየ10 ሴንቲሜትሩ አስምር። 18 ካሬ ይወጣሃል። ካርቶኑን ፍራሹ ላይ አንጥፈህ ሴንሰሩን በየካሬው መሀል እያስቀመጥክ ጻፍ። ሴንሰሩ በሕፃኑ ገላ ከፍታ ላይ፣ ፊቱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይሁን፤ ትንሽ ቢያዘነብል ንባቡ ይለወጣል። ሕፃን ባለበት እንዳትለካ፤ አልጋው ባዶ ሲሆን ነው።

ከመጀመርህ በፊት ማሽኑን አብርተህ ጠብቅ። ፍሎረሰንት እስኪሞቅ ብርሃኑ ይዋዥቃል፤ ኤልኢዲ ደግሞ ሲሞቅ ትንሽ ይቀንሳል። እኔ 15 ደቂቃ እሰጠዋለሁ። የጣሪያውን መብራት አጥፋ፣ መጋረጃውን ዝጋ። አንዳንድ ኤልኢዲ ማሽኖች ለምርመራ የሚሆን ነጭ መብራት አላቸው፤ እሱንም አጥፋው። ከዚያ ማሽኑን ለአፍታ አጥፍተህ ወይም ሸፍነህ ሜትሩ ስንት እንደሚል እይ። ዜሮ ካልሆነ ያ የክፍሉ ብርሃን ነው፤ ከእያንዳንዱ ንባብ ቀንሰው። ነጭ ጋውን ለብሰህ ፍራሹ ላይ ካጎነበስክ ደግሞ ጋውንህ ራሱ ብርሃን እያንጸባረቀ ቁጥሩን ያሳድገዋል። ፈቀቅ ብለህ አንብብ። ሕፃኑ የሚታከመው ኢንኩቤተር ውስጥ ከሆነ ክዳኑ ባለበት ለካ፤ ፕላስቲኩ ከብርሃኑ የተወሰነውን ያስቀራል፣ ያረጀና የቆሸሸ ከሆነ ደግሞ ብዙ።

18ቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ እንደ ፍራሹ አድርገህ ስታስቀምጣቸው መልኩ ይናገራል። አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ በዚያ በኩል ያለ ምንጭ ደክሟል፣ ወይም የማሽኑ ጭንቅላት አዘንብሏል። ሁሉም እኩል ከወረዱ አንድ አምፖል አይደለም፤ አቧራ ነው፣ ከፍታ ነው፣ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው፣ ወይም ሜትሩ ራሱ ነው። ሦስቱም ማሽኖች በአንድ ጊዜ በተቀራራቢ መጠን «ከደከሙ» እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሜትሩን ነው። ባትሪውን ቀይር፣ የሴንሰሩን ፊት ጥረግ፣ የካሊብሬሽን ቀኑን፣ ማለትም ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ የተስተካከለበትን ቀን፣ እይ። ሜትር በዓመት አንዴ ካሊብሬት መደረግ አለበት። እኛ አገር ይሄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ከሌላ ሆስፒታል ሜትር ጋር አንድ መብራት ላይ እያነጻጸርክ ልዩነቱ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ተከታተል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ከየትኛው አምፖል ስንት እየመጣ ነው የሚለው፣ የጥቁር ካርቶን ሥራ ነው። ብርሃን ይደመራል። ስድስቱ አብረው የሚሰጡት የእያንዳንዳቸው ድምር ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን መሀል ላይ አስቀምጠህ ሳትነካው፣ አንድ አምፖል በጥቁር ካርቶን ሸፍን፣ ንባቡን ጻፍ፣ ካርቶኑን ወደሚቀጥለው አዛውር። ከጠቅላላው ስትቀንሰው የዚያ አምፖል ድርሻ ይወጣል።

ምሳሌ ልስጥህ። ጠቅላላው 18.5 ይሁን። አንደኛውን ስትሸፍን 16፣ ሁለተኛውን 15፣ ሦስተኛውን 14፣ አራተኛውን 14፣ አምስተኛውን 17.5፣ ስድስተኛውን 16 አነበብክ እንበል። ድርሻቸው በተራ 2.5፣ 3.5፣ 4.5፣ 4.5፣ 1 እና 2.5 ነው። ድምሩ 18.5፤ ገጠመ። አሁን ግራና ቀኙን አመሳስል። አንደኛውና ስድስተኛው ከመሀል እኩል ስለሚርቁ እኩል መስጠት አለባቸው፤ ሰጥተዋል። ሦስተኛውና አራተኛውም እንዲሁ። ሁለተኛውና አምስተኛው ግን 3.5 እና 1 ናቸው። አምስተኛው ይበራል፣ ከሩቅ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ሥራውን ግን አይሠራም። ያረጀ ነው፣ ወይም ትክክለኛው ዓይነት አይደለም። ድምሩ ካልገጠመህ ደግሞ በመሀል የክፍሉ ብርሃን ተለውጧል ወይም ማሽኑ ገና አልረጋም፤ ድገመው።

«ለምን አምፖሉን ነቅዬ አልለካም?» ትል ይሆናል። አትንቀል። ብዙ ፍሎረሰንት ማሽኖች ላይ ሁለት አምፖል አንድ ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ይጋራል፤ አንዱን ስትነቅል ሌላውም ይጠፋል ወይም ድምቀቱ ይለወጣል። ሙቀቱም ይለወጣል። ካርቶን ግን ሌላውን አይነካም። ካርቶኑን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያዝ፣ የአየር መውጫውን አትዝጋ። ኤልኢዲ ማሽን ላይም ይህንኑ በየፍሬው ማድረግ ይቻላል። ፍሬዎቹ በጣም የተጠጋጉ ከሆነ በረድፍ ሸፍን። አደራ፣ ፍሬዎቹን ቀና ብለህ ትክ ብለህ አትያቸው። ለሕፃኑ ዓይን መሸፈኛ የምናደርገው በከንቱ አይደለም፤ የሰማያዊ ብርሃን መከላከያ መነጽር ካለህ አድርግ።

ስለ አምፖል ግዢ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነው። የፎቶቴራፒ አምፖል ሲቃጠል መርካቶ ወርዶ ርዝመቱና ዋቱ የገጠመውን ይዞ መምጣት የተለመደ ነው። ሶኬቱ ይገባል፣ ይበራል፣ ሥራ ተሠርቷል ይባላል። ግን የሚወስነው ውስጡ የተቀባው ፎስፈር፣ ማለትም ብርሃኑን የሚሰጠው ዱቄት ነው። «ልዩ ሰማያዊ» የሚባለው፣ ለምሳሌ ኮዱ 52 የሆነው የፊሊፕስ ቲኤል አምፖል፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። መስታወቱ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የጌጥ አምፖል ሌላ ነገር ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ ያልሆነውን ብርሃን ይከለክላል እንጂ አዲስ ሰማያዊ አይፈጥርም። የባሰው ለጭፈራ ቤትና ለገንዘብ መመርመሪያ የሚሸጠው ወይን ጠጅ መሳይ አምፖል ነው። እሱ አልትራቫዮሌት ነው። አራስ ሕፃን ላይ መቼም አይገጠምም። በአሮጌው ማሽንህ ላይ ያሉትን ሁለት አምፖሎች ዛሬውኑ ጫፋቸው ላይ የተጻፈውን ኮድ አንብብ። ከማኑዋሉ ጋር ካልገጠመ ካርቶንም አያስፈልግህም፤ ይነሱ።

ትክክለኛዎቹም ቢሆኑ ዕድሜ አላቸው። ፍሎረሰንት ሳይጠፋ በፊት ብርሃኑ ይደክማል። ብዙ አምራቾች ከ1000 እስከ 2000 ሰዓት ባለው ውስጥ ይቀየር ይላሉ። ቀንና ሌሊት የሚበራ ማሽን 1000 ሰዓት የሚሞላው በስድስት ሳምንት ነው። ይህን ስነግራቸው የሚደነግጡ የግዢ ኃላፊዎች አሉ። አሮጌው ማሽን ላይ የመብራት ኃይል መዋዠቅም አለ፤ ባለ ብረት ባላስቱ ቮልቴጅ ሲወርድ ብርሃኑም አብሮ ይወርዳል። ስትለካ የሶኬቱን ቮልቴጅም ጎኑ ጻፍ። ያለዚያ አመሻሽ ላይ ቮልቴጁ ሲወርድ የለካኸውንና ሌሊት የለካኸውን አነጻጽረህ አምፖሉን በከንቱ ትከሳለህ።

የኤልኢዲ አበላሸሽ ሌላ ነው። ፍሬዎቹ ብዙውን ጊዜ በተከታታይ የተያያዙ ረድፎች ናቸው። አንዱ ፍሬ ውስጡ ከተቆረጠ ረድፉ በሙሉ ይጠፋል፤ ይህንን ማንም ያየዋል። አንዱ ፍሬ ሾርት ካደረገ ግን እሱ ብቻ ይጨልማል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ሦስተኛውና ተንኮለኛው ሁሉም ፍሬዎች ቀስ ብለው የሚደክሙበት ነው። የዚህ ዋና ምክንያት ሙቀት ነው። ኤልኢዲ ዕድሜው በአሥር ሺህዎች ሰዓት ይቆጠራል የሚባለው በትክክል ከቀዘቀዘ ነው። ፋኑ አቧራ በልቶ ከቆመ፣ ወይም ማሽኑ ላይ ጨርቅ ተጥሎበት አየር ካጣ፣ ያ ዕድሜ የወረቀት ላይ ቁጥር ይሆናል። አንተ ጋር ከሁለቱ ማሽኖች አንዱ ብቻ ከደከመ ፋኑን አዳምጥ፤ ማጣሪያ ካለው አውጥተህ እየው።

ማሽኑን የመክፈት ሥልጠናው ካለህ የየረድፉን ቮልቴጅ ለካ። አንድ ሰማያዊ ፍሬ ወደ 3 ቮልት ገደማ ይይዛል። የስድስት ፍሬ ረድፍ 18 ቮልት አካባቢ ይሆናል። አንዱ ረድፍ ከጓደኛው በ3 ቮልት ካነሰ ሾርት ያደረገ ፍሬ አለ። ሥልጠናው ከሌለህ ግን አትክፈት፤ የአንዳንድ ድራይቨር (ለፍሬዎቹ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) መውጫ ከዋናው መስመር ጋር የተነካካ ስለሆነ ይመታል።

«ማሽኑ ራሱ ሊያሳውቀኝ አይገባም ነበር?» ላልከው፣ ተገቢ ቅሬታ ነው። ግን አብዛኛው ማሽን ላይ ያለው የሰዓት ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ስንት ሰዓት እንደበራ እንጂ ስንት እንደሰጠ አያውቅም። አንዳንዱ የረድፉን ከረንት ይከታተላል፤ ይህ የተቆረጠ ረድፍ ይይዛል። የደከመ ፍሬ፣ የቆሸሸ ሽፋን፣ ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ ግን አይይዝም። ከረንቱ ልክ ነው፣ ብርሃኑ ልክ አይደለም።

ውስጡ የብርሃን ሴንሰር ያለው ማሽንም አለ። ይሻላል፤ ግን አንድ ሴንሰር ጠቅላላውን ብቻ ነው የሚያየው። ከ12 ፍሬ አንዱ ሲጠፋ ልዩነቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያህል ለውጥ ሙቀት ብቻውን ሊያመጣው ይችላል፤ ስለዚህ ማንቂያው እዚያ ላይ ቢደረግ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ነርሶቹም ይዘጉታል። በዚያ ላይ ሴንሰሩ አጠገቡ ያለውን ፍሬ አጋኖ፣ የራቀውን አሳንሶ ያያል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሴንሰሩ ብርሃኑን እንዲያስተካክል የተሠራ ከሆነ ነው። አንድ ፍሬ ሲደክም ለሌሎቹ ከረንት ይጨምርላቸዋል። ጠቅላላው ቁጥር አልተነካም፣ ስክሪኑ «ደህና» ይላል። የሕፃኑ እግር በኩል ያለው ጥግ ግን ጨልሟል፤ የቀሩት ፍሬዎችም ከልክ በላይ እየሞቁ ቀናቸውን ያሳጥራሉ።

ይህን በደንብ የሚፈቱ ንድፎች አሉ። አንደኛው እያንዳንዱን ፍሬ በተራ ለጥቂት ሚሊሰከንድ አጥፍቶ ሴንሰሩ ላይ ስንት እንደቀነሰ ያያል። ይህ የአንተው የካርቶን ዘዴ ነው፣ በኤሌክትሮኒክስ የተሠራ። ዓይን አያየውም፣ ሕክምናውም አይጎድልም። ሁሉም ለአፍታ ሲጠፉ ደግሞ የክፍሉን ብርሃን ለይቶ ይለካል። ሌላው እያንዳንዱን ፍሬ በራሱ ድግግሞሽ በትንሹ ያርገበግብና ከአንድ ሴንሰር የሚመጣውን ምልክት በየድግግሞሹ ይለያል። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ፍሬ የራሱን ሴንሰር መስጠት ነው፤ ቀጥተኛ ነው፣ ግን ይወደዳል። ሦስቱም ቢሆኑ ሴንሰሩ ያለው ማሽኑ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ማሽኑ በ35 ሴንቲሜትር ፋንታ በ60 ላይ ቢቆም፣ የሽፋኑ የውጭ ፊት አቧራ ቢለብስ፣ አያውቁም። ስለዚህ ወደፊት ማሽን ስትገዙ «ሴንሰሩ የየፍሬውን ይለያል ወይስ ጠቅላላውን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፍራሹን መለካቱ ግን አይቀርላችሁም። ያላችሁን ማሽን ከፍታችሁ ሴንሰር ልጨምር እንዳትሉ ደግሞ። የሕክምና መሣሪያ ነው።

ከፍታውን ካነሳሁት አይቀር፣ የአንተ ኤልኢዲ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ነርሶች መርፌ ለመውጋት፣ ሕፃን ለማጥባት የማሽኑን ጭንቅላት ወደ ላይ ይገፉታል፤ ከዚያ የሚመልሰው ይረሳል። ብዙ ምንጭ ያለው ሰፊ መብራት ሲርቅ እንደ አንድ ነጥብ መብራት በፍጥነት አይወርድም፤ ቢሆንም ይወርዳል፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማኑዋሉ የሚለውን ርቀት ለካና ምሰሶው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ። «አቅርቡት» የሚለው ምክር ግን ለኤልኢዲና ለፍሎረሰንት፣ እሱም ማኑዋሉ እስከፈቀደው ድረስ ነው። ሃሎጅን ከሆነ ያቃጥላል፤ አይቀርብም። አልጋው ዙሪያ ነጭ ጨርቅ መጋረድ ብርሃኑን እያንጸባረቀ ንባቡን ያሳድጋል፣ የአየር መውጫውንና ሕፃኑን የምታዩበትን እስካልሸፈነ ድረስ።

ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድልህ። ሁለቱን ኤልኢዲዎች በእኩል ከፍታ አቁም፣ ሽፋናቸውን ማኑዋሉ በሚፈቅደው ፈሳሽ ጥረግ፣ ከዚያ ሁለቱንም በ18ቱ ካሬ ለካ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ልዩነት ካለ ካርቶኑን አንሳና ፍሬውን ፈልግ። ቁጥሮቹን ከነቀኑ፣ ከነሜትሩ ስም፣ ከነሰዓት ቆጣሪው ንባብ በየማሽኑ ፋይል አስቀምጣቸው፤ የሚቀጥለው ወር ንባብ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ጋር ሲተያይ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ንባብ 20 በመቶ ሲወርድ መለዋወጫ አዛለሁ፣ 30 ሳይሞላ ሲቀር ደግሞ ማሽኑን ከባድ ቢጫነት ካላቸው ሕፃናት ላይ አነሳዋለሁ። አሮጌው ላይ አምፖል ሲመጣልህ ስድስቱንም አንድ ላይ ቀይር። አንድ አንድ እየቀየርክ ከሄድክ የየትኛው ዕድሜ ስንት እንደሆነ ራስህም አታውቀውም።

ሁለቱ ወረቀቶች ተመሳሳይ ሆነው ሁለቱም ከ30 በላይ ከሆኑ ግን ማሽኑን ተወው። ወረቀቶቹን ይዘህ ለሐኪሙ ስጠው። ፎቶቴራፒ ላይ ያለ ሕፃን ቆዳው ቶሎ ስለሚነጣ በዓይን አይፈረድበትም፤ የደም ውጤቱ ይታይ። ሕፃኑ በዳይፐርና በጨርቅ ምን ያህል ተሸፍኗል? ለማጥባት በቀን ስንት ሰዓት ከብርሃኑ ይወጣል? የእናትና የልጅ የደም ዓይነት አለመጣጣም አለ? ቀይ የደም ሴሎች እየፈረሱ ከሆነ ጥሩ ማሽን ስርም ቢሊሩቢኑ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ አንዳንዴም ይጨምራል። ያንን ፈልጎ የሚያገኘው ሐኪሙ ነው።